ጽጌና ሰቆቃው፦ በፍጥረት ውበት የእግዚአብሔርን ቸርነት ስለሚያስቡ ድርሰቶች

ፍጥረት ሁሉ ለፈጣሪው ቸርነት ምስክር ነው እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ምስክር የተባለ ሁሉ እኩል አይታመንም። በዳኛ ፊት የቆመ እማኝ ባለጉዳዩ የሚወደውን ብቻ መርጦ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ንግግሩ ምንም ያማረ ቢሆን ዳኛው ይጠረጥረዋል። ያየውን ሁሉ፣ የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም ሳይሸሽግ የተናገረ ግን በጥቂት ቃል ይታመናል። ስለ አበባና ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ጽፎ በዚያ የእግዚአብሔርን ቸርነት ሊያሳስብ የተነሣ ደራሲም እንደዚሁ ምስክር ነው። አበባው ራሱ አፍ የለውም፤ የሚናገርለት ደራሲው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርሰት ሲመረመር ቃሉ ማማሩ ከመጠየቁ በፊት፣ ደራሲው አይቶ መመስከሩ ሊጠየቅ ይገባል።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በጋዜጣ ዐምድና በጉባኤ መድረክ ላይ ስለ አደይ አበባ የሚነበበው ግጥም ብዙ ነው። ወራቱ ግድ ይላል፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ መስኩም ቢጫ ለብሶ ሲታይ ዝም የሚል ልብ ደንጊያ ነው። ከነዚህ ግጥሞች የሚበዙት ግን አንድ መልክ አላቸው። በመጀመሪያ ሜዳው ወርቅ ለበሰ ይላሉ፤ ቀጥሎ ወፎች ዘመሩ ይላሉ፤ በመጨረሻም እንግዲህ ፈጣሪ ቸር ነው ብለው ይዘጋሉ። የአምናውን ከዘንድሮው ጋር አለዋውጦ ቢያነቡት ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። አሳባቸው የቀና፣ ምኞታቸውም የተቀደሰ ስለ ሆነ አንባቢ በትዕግሥት ያሳልፋቸዋል፤ ነገር ግን ካነበበ በኋላ በልቡ የሚቀር ነገር አያገኝም። የአሳብ ቅንነት የድርሰትን ድካም አይሸፍንም።

የነዚህ ግጥሞች ጉድለት ሦስት ነው። አንደኛው አለማየት ነው። ወርቅ የሚለው ቃል ለአደይ አበባም ለኑግ አበባም እኩል ይነገራል፤ ስለዚህ ደራሲው ከሁለቱ የትኛውን እንዳየ፣ ወይም አንዱንም እንዳላየ አይታወቅም። አደይን ቀርቦ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ የሚናገረው ያገኛል። ሰው አንድ አበባ የሚለው የአደይ ራስ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባ ናቸው፤ በመካከሉ የተሰበሰቡትም ነጠብጣብ የሚመስሉት እንዲሁ አበቦች ናቸው። ውበታቸው ከሩቅ የሚታየው የውጭዎቹ ራሳቸው ዘር አያፈሩም፤ ሥራቸው ንብን መጥራት ነው፤ ዘሩን የሚይዙት ማንም የማያደንቃቸው የመካከሎቹ ናቸው። ይህን ያየ ሰባኪ ስለ ማኅበርና ስለ አገልግሎት ምን ያህል ሊናገርበት እንደሚችል ግልጥ ነው። ሳያይ የጻፈው ግን ወርቅ ብሎ አለፈው፤ በዚህም ትምህርቱን ራሱን አጣው።

ሁለተኛው ጉድለት መሸሸግ ነው። መስከረም የአበባ ወር ብቻ አይደለም፤ ጎተራ የሚራቆትበትም ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል በክረምቱ አልቆ፣ አዲሱ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ አደይ ይፈነዳል። ጤፉ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በረዶ ሊያወርደው፣ ውርጭ ሊመታው፣ ተምች ሊበላው ይችላል። ባላገሩ አበባውን የሚያየው በዚህ ስጋት መካከል ቆሞ ነው፤ በዚያው ጊዜ ግን ንቡ በአደይ ላይ ሲመላለስ እያየ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውን ማር ያስባል። ባዶው ጎተራና የሚሞላው ቀፎ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ቀፎውን ብቻ አንሥቶ ጎተራውን የሸሸገ ግጥም ውሸት ባይናገርም እውነቱን ከፍሏል፤ የተከፈለ እውነት ደግሞ ለምስክርነት አይበቃም።

ሦስተኛው ጉድለት መቸኮል ነው። አበባው አማረ፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ቸር ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ አበባው በጠወለገ ቀን ምን ሊባል ነው? ቸርነትን በአበባ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው አበባው ሲረግፍ መሠረቱ አብሮ ይረግፍበታል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰውን ክፉ ቀን ማስታወስ ይበቃል። የከብት በሽታ ገብቶ በሬ አለቀ፤ ዝናም አጠረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በሉ፤ በየመንደሩም ሕዝብ በረኃብና በበሽታ ረገፈ። በነዚያ ዓመታትም መስከረም በየተራው መጥቶ ሄዷል። ማስረጃው አበባ ብቻ የሆነ ግጥም፣ በሬዎቹን ቀብሮ ልጆቹን ለመቅበር በተቀመጠ ሰው ፊት ሊነበብ ባልቻለም ነበር። አንድ ድርሰት በጥጋብ ቀን ብቻ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ሳይሆን ስለ ደራሲው ጥጋብ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚያሳስበውም ነገር ይህ ነው፤ ጉዳቱ በግጥሙ ማነስ ብቻ አይቀርም፤ በግጥሙ የተማረው ወጣት መከራ ሲያገኘው ከግጥሙ ጋር እምነቱንም እንዲጥል ያደርገዋል።

እንግዲህ መንገዱ ሌላ እንደ ሆነ የሚያሳዩ ጥንታውያን ድርሰቶች አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በግእዙ ዳዊት 103ኛ ተብሎ የሚቈጠረው መዝሙር ነው። ዳዊት የደገመ ሕፃን ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ከመታወቁም የተነሣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል። ይህ መዝሙር ፍጥረት ያምራል ብሎ አይጀምርም፤ ማን የት እንደሚኖርና ማን ምን እንደሚበላ ይቈጥራል። ለሜዳ አህያ ምንጩን፣ ለወፍ ቅርንጫፉን፣ ለሽኮኮ ቋጥኙን፣ ለከብት ሣሩን፣ ለሰውም እንጀራውንና ወይኑን ዘይቱንም እያደለ ይሄዳል። ሽኮኮ በቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያየ ሰው፣ መዝሙሩን የተናገረው ዐይኑን ከፍቶ እንደ ነበር ወዲያው ያውቃል። ቸርነት የሚለው ነገር እዚህ ላይ ከቃልነት ወጥቶ ድርሻ ሆኗል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። መዝሙሩ አንበሳን አልሸሸገም። ሌሊት በመጣ ጊዜ የአንበሳ ግልገሎች እያገሡ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ይሻሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ እነርሱ ወደ ዋሻቸው ይገባሉ፣ ሰውም ወደ ሥራው ይወጣል። ቀኑ ለሰው፣ ሌሊቱ ለአውሬ ተከፍሏል። የእረኛ ልጅ የነበረ ባለመዝሙር አንበሳ የሚሻው ምግብ የማን በግ እንደ ሆነ አይስተውም፤ ሆኖም ድርሻውን አልነፈገውም። ወደ መጨረሻውም ሞትን ራሱን ያነሣል፤ ፈጣሪ ፊቱን ሲመልስ ፍጥረት እንደሚደነግጥ፣ እስትንፋሱን ሲወስድ ወደ አፈሩ እንደሚመለስ፣ ደግሞም መንፈሱን ሲልክ የምድር ፊት እንደሚታደስ ይናገራል። የሚዘጋውም ኃጢአተኞች ከምድር ይጥፉ በሚል ምኞት እንጂ በአበባ አይደለም፤ የዓለሙ ውበት በሰው ክፋት እንደ ቆሰለ ያውቃልና። አንበሳንና ሞትን ኃጢአትንም ከቈጠረ በኋላ የሚያመሰግን ምስክር እንዴት ይጠረጠራል?

ከመዝሙሩ ቀጥሎ ስለ ፍጥረት ከተጻፉት የግእዝ መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው። መጽሐፉ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ቋንቋ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ፍሪትስ ሆሜል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። አራዊትን፣ አዕዋፍን፣ ዕፀዋትንና ዕንቈችን እያነሣ ለእያንዳንዱ መንፈሳዊ ትርጓሜ ይሰጣል። የአንበሳ ግልገል ሞቶ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን አባቱ ሲተነፍስበት ይነሣል ይላል፤ በዚህም የጌታን ትንሣኤ ያስተምራል። መጽሐፉ ለስብከት ያበረከተው ጥቅም ትልቅ ነው፤ በብዙ አገሮችም የቤተ ክርስቲያንን ሥዕልና ትርጓሜ ሲመግብ ኖሯል። ይሁን እንጂ በመርማሪ ዐይን ሲታይ አንድ ሕጸጽ አለበት። ምሳሌው ፍጥረቱን ውጦታል። የአንበሳ ግልገል ሞቶ እንደማይወለድ አንበሳ ባለበት አገር የሚኖር እረኛ ሁሉ ያውቃል። ትርጓሜው እውነት ሆኖ ሳለ የተቆመበት ነገር እውነት ካልሆነ፣ ይህን የተረዳ ሰው ከተረቱ ጋር ትርጓሜውንም እንዳይንቅ ያሰጋል። የዛሬው የመስከረም ግጥም ከፊሳልጎስ ሕጸጹን ወርሶ ጥልቀቱን ሳይወርስ ቀርቷል።

በዚህ አንጻር ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ታሪክ ሊመዘን ይገባዋል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ የአክሱም ካህን በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ የመምህሩን የአጎቱን የጌዴዎንን ግርፋት ሸሽቶ ሲሄድ በዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። በዚያም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ስትወጣ፣ እየወደቀች ደግሞም እየወጣች፣ በሰባተኛው ጊዜ ከፍሬው ስትደርስ ተመለከተ። ተመልሶም ተማረ፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶችም ከእርሱ ወጡ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ነገር ግን በፍጥረት በኩል የሚመጣ ማሳሰቢያ ምን እንደሚመስል ከብዙ ግጥም ይልቅ ያስረዳል። ትል ውብ ፍጥረት አይደለችም፤ ማንም ግጥም አይጽፍላትም። ያደረገችውም ትል ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ምንም ተአምር የለበትም። መውደቋ አልተሸሸገም፤ እንዲያውም ትምህርቱ ሁሉ በመውደቋ ላይ ተሠርቷል። ተመልካቹም ጠግቦ በአምባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን ጀርባው በአለንጋ የተላጠ ልጅ ነበር። ከፊሳልጎስ አንበሳ ይልቅ የያሬድ ትል የምትታመነው ስለዚህ ነው፤ ዛሬም ወደ ዛፍ ሥር ሄዶ የተቀመጠ ሰው ሊያያት ይችላል።

ያሬድ በድጓው ዓመቱን በየወራቱ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ወራት ዜማውን ሰጥቷል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ለአበባው ወራት የራሱን ድርሰት ጨምረውለታል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ። በነዚህ ሳምንታት ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ንጋት በማኅሌት ተቆሞ፣ በትውፊት ለአባ ጽጌ ድንግል የሚሰጠው ማኅሌተ ጽጌ ይዘመራል። ድርሰቱ አበባን የክርስቶስ፣ አበባውን ያስገኘችውን ዕፅ የእመቤታችን ምሳሌ አድርጎ፣ ከእሴይ ሥር በትር ይወጣል አበባም ይወጣል ካለው ከኢሳይያስ ትንቢት ይነሣል። ኅብሩን፣ መዓዛውንና ፍሬውን እያፈራረቀ በየስንኙ ቤት ቤቱን እየመታ ይሄዳል። የአበባ ድርሰት በኢትዮጵያ ከዚህ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሷል ለማለት ያስቸግራል።

ይሁንና በዚህ ወራት የሚታሰበው ታሪክ ምንድን ነው? ሰነፍ ገጣሚ ቢጠየቅ ምናልባት የገነትን ታሪክ ይመርጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ከአበባው ወራት ጋር ያጣመረችው የስደትን ታሪክ ነው። ሄሮድስ ሕፃናትን ሊፈጅ በተነሣ ጊዜ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ መሸሿ፣ በትውፊቱም ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በስደት መቀመጧ በነዚህ 40 ቀናት ይታሰባል። ብዙ ምእመናንም ወራቱን በፈቃዳቸው በጾም ያሳልፉታል። ከማኅሌተ ጽጌ ጋር በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ከበሮና ጸናጽል ሌላ ድርሰት ይዘመራል፤ ስሙም ሰቆቃወ ድንግል ነው። አንዱ የአበባ ዝማሬ ነው፤ ሁለተኛው የለቅሶ። ማኅሌታዊው አበባውን አወድሶ ሳይጨርስ የእናትን ረኃብና ጥም፣ የበረሓውን መንገድና የቤተ ልሔምን ሕፃናት ደም ያነሣል። ከለቅሶውም ተነሥቶ ደግሞ ወደ አበባው ይመለሳል።

ይህን ማጣመር የቀን መቍጠሪያ አጋጣሚ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እንኳ አጋጣሚ ቢሆን የሁለቱ ድርሰቶች አብሮ መቆም የሚያስተምረው ነገር አይለወጥም። አበባን ለስደተኛ መስጠት አበባን ከጌጥነት አውጥቶ ስንቅ ማድረግ ነው። ቤቱ የሞላ ሰው አበባ ቢያይ ይደሰታል፤ ያልፈዋልም። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ግን በመንገዱ ዳር አበባ ሲያይ፣ ያሳደደው ንጉሥ የዓለሙ ሁሉ ጌታ እንዳልሆነ ያስታውሳል፤ ሄሮድስ ሊያዝዘው የማይችል ነገር አሁንም እንዳለ ያያልና። ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው ለመርሳት ለተቃረበ ሰው ነው። አበባው መከራ የለም አይልም፤ መከራው የመጨረሻው ቃል አይደለም ይላል። በማስረጃና በማሳሰቢያ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። ማስረጃ የሆነ እንደ ሆነ አንድ በረዶ ያፈርሰዋል፤ ማሳሰቢያ ከሆነ ግን በረዶው ከወረደ በኋላም ሊነገር ይችላል።

በወንጌልም የሜዳ አበቦች የተጠቀሱበት ቦታ ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል። ጌታ አበባን ተመልከቱ ያለው ምን እንበላለን ምን እንለብሳለን ብለው ለተጨነቁ ድኾች ነው። ያንኑ አበባ ከሰሎሞን ክብር አብልጦ ካነሣ በኋላ ወዲያው ዛሬ ኖሮ ነገ ወደ እቶን የሚጣል ሣር መሆኑን ተናግሯል። የአበባውን ማለፍ ሳይሸሽግ የአባቱን ቸርነት አስተማረ፤ እንዲያውም የትምህርቱ ኃይል የሚያልፈውን እንኳ እንዲህ የሚያለብስ ጌታ በሚል አሳብ ላይ ቆሟል።

ማኅሌተ ጽጌም ቢሆን ከነቀፋ ፈጽሞ የነጻ ነው ማለት አይገባም። ድርሰቱ ከአበባው ወደ ምሳሌው የሚሻገረው በፍጥነት ነው፤ የአንዱን የአበባ ዐይነት ጠባይ ከሌላው ለይቶ ለማየት አይዘገይም። ለብቻው በወረቀት ላይ ያነበበው ሰው አበባው የት እንደ በቀለ አያውቅም ሊል ይችላል። ነገር ግን ድርሰቱ በወረቀት ላይ እንዲነበብ የተሠራ አይደለም። ማኅሌታዊው ሌሊቱን በመቋሚያ ላይ ተደግፎ ሲዘምር አድሮ ጎህ ሲቀድ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ በደጀ ሰላሙ ሲቆም፣ ጤዛ የያዘው አደይ በቅጥሩ ሥር ይጠብቀዋል። ድርሰቱ ያልተናገረውን መስኩ ይሞላዋል። የዛሬው ገጣሚ ግን ለዚህ ሥርዓት ሳይሆን ለጋዜጣ ይጽፋል፤ አንባቢው ከተማ ውስጥ በወንበር ላይ ተቀምጦ ያነብለታል፤ በደጁም መስክ የለም። ስለዚህ ማኅሌታዊው ለመስኩ የተወለትን ገጣሚው በቃሉ ማምጣት አለበት። የጥንቱን ድርሰት ምሳሌ ብቻ ወስዶ መስኩን የተወ ሰው ግማሹን ብቻ እንደ ወሰደ ይወቅ።

ከተማሩት ወገን ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሣል። የአበባ ቀለምና ሽታ ለሰው ደስታ አልተሠራም፤ ንብን ለመሳብ ነው፤ እንግዲህ በዚህ ቸርነትን መፈለግ የአላዋቂ ሥራ ነው ይላሉ። የተናገሩት ምክንያት እውነት ነው። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ንብ ቀለም እንደምትለይ በ1914 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ስለ ነፍሳት ጠባይ ባደረገው ምርምርም በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ንብ የሰው ዐይን ከቶ የማያየውን የብርሃን ዐይነት እንደምታይም ዛሬ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የሚያፈርሰው ዓለም ሁሉ ለእኔ ዐይን ተሠራ የሚለውን የሰው ትዕቢት ነው እንጂ ምስጋናን አይደለም። የ103ኛው መዝሙር ባለቤት ለሽኮኮ ቋጥኙን፣ ለአንበሳም ሌሊቱን ሲያድል ቸርነቱ ለሰው ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ቢጫው ቀለም ለንብ መሆኑን ማወቅ ለዚያ ቍጥር አንድ ባለድርሻ ይጨምራል፤ ከምስጋናው ግን ምንም አይቀንስም። ምክንያቱን የሚፈራ ምስጋና ደካማ ምስጋና ነው።

እንግዲህ ለወጣት ደራስያንና ለሰባክያን የሚቀርበው ምክር ቀላል ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቈጥር ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ መቃብር ቤት ይሄዳል፤ በዋድላም በጎንጅም በዋሸራም የተለመደ ነው። ብቻውን መቀመጡ ለአሳቡ ጸጥታን ይሰጠዋል፤ በዚያውም ዐይኑ ሣሩንና ጉንዳኑን ማየት ይለምዳል። የመስከረም ገጣሚም ቀለም ከመንከሩ በፊት ቢያንስ አንድ ማለዳ እንዲሁ ቢቀመጥ ይበጀዋል። ያየውን በስሙ ይጥራው፤ ወፍ ዘመረች ከማለት የትኛዋ ወፍ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደ ሆነች ይናገር። ጭቃውን፣ ውርጩንና ባዶውን ጎተራ አይሸሽግ። የእግዚአብሔርንም ስም የግጥሙ መዝጊያ ማኅተም አድርጎ በመጨረሻው ስንኝ ላይ ብቻ አይለጥፈው፤ ማሳሰቢያው ከታየው ነገር ውስጥ ይውጣ እንጂ ከውጭ አይጫንበት። አንባቢ ራሱ አይቶ ወደ ምስጋና ቢደርስ፣ ከሰማው ስብከት ይልቅ ያየው ይጸናለታል።

ለዚህም መመዘኛ የሚሆን አንድ ጥያቄ አለ። ደራሲው የጻፈውን ግጥም ወስዶ፣ በዚያ ሳምንት ኀዘን በገባበት ቤት ሊያነበው ይችላልን? የሚያፍርበት ከሆነ ግጥሙ ገና አላለቀም፤ ወደ መስኩ ተመልሶ ይመልከት። ሳያፍር ሊያነበው ከቻለ፣ ኀዘንተኞቹም ጥቂት ቀና ብለው ቢያደምጡት፣ ምስክርነቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ማኅሌተ ጽጌ ከሰቆቃወ ድንግል ጋር ተጣምሮ በዚህ ፈተና ስንት መቶ ዓመታት አልፏል፤ ወርኃ ጽጌ በጥጋብም በረኃብም ዘመን በየዓመቱ ይመጣልና፣ ለክፉ ቀን ተብሎ ከመቍጠሪያው አልተሰረዘም።

ወራቱ ሲፈጸም ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይከበራል። በላይኛው ግብፅ ስደተኞቹ ያረፉበት ተራራ በስሙ ይታሰባል፤ እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ደብሩን ያሠሩት በዚሁ ስም ነው። በዚያን ጊዜ አደዩ በመስኩ ላይ ጠውልጎ አልቋል፤ ቢጫው ሁሉ ደርቆ ግራጫ አገዳ ብቻ ይታያል። ዘሩ ግን በምድር ላይ ረግፎ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃል። ባላገሩም አበባውን ረስቶ ማጭዱን ይስላል፤ በአበባው ወራት ያሰበው ጤፍ ደርሶለታልና። ስለ ፍጥረት ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን የኅዳርን መስክ ጭምር አይቶ ያመሰገነ እንደ ሆነ፣ የመስከረሙን ምስጋና ማንም አይጠረጥርበትም።